ደረጃ ወይስ ማርክ? ከሰባት ዳኞች ጠረጴዛ የተነሣ ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጽሑፍ ውድድር በሚዳኝ የሰባት ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ አባል ነበርኩ። የጸሐፊዎቹ ስም እንዳይታወቅ ሥራዎቹ የሚደርሱን በባለ ቀለም ማኅደር ሲሆን፣ ለመጨረሻው ዙር የቀሩት ቀዩ፣ ሰማያዊውና ነጩ ነበሩ። እያንዳንዳችን ሦስቱን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ እንድናስቀምጥ፣ አንደኛ የተባለው ሁለት ነጥብ፣ ሁለተኛው አንድ ነጥብ፣ ሦስተኛው ምንም እንዳያገኝ አስቀድመን ተስማምተናል። አራታችን ቀዩን አንደኛ፣ ሰማያዊውን ሁለተኛ፣ ነጩን ሦስተኛ አልን። ሦስቱ ባልደረቦቻችን ደግሞ ሰማያዊውን አንደኛ፣ ነጩን ሁለተኛ፣ ቀዩን ሦስተኛ አደረጉ። ሲደመር ሰማያዊው 10፣ ቀዩ 8፣ ነጩ 3 ነጥብ አገኙ፤ ሰማያዊው አሸነፈ ብለን ቃለ ጉባኤውን ፈረምን።

በማግስቱ የነጩ ማኅደር ባለቤት ሥራውን ከውድድሩ ማውጣቱን ሰማን። ለማንኛችንም ትልቅ ነገር አልመሰለንም፤ ከሦስቱ ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘ ሥራ ነውና ውጤቱን ይነካል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጸሐፊያችን ግን ቃለ ጉባኤው እንዲስተካከል ብለው ነጥቡን በሁለቱ ሥራዎች መካከል እንደ ገና ሲደምሩት ቀዩ 4፣ ሰማያዊው 3 ሆኖ ተገኘ። ማንም ዳኛ ሐሳቡን አልለወጠም፤ አንድም መስመር እንደ ገና አልተነበበም። የተሸነፈው ሥራ ስለወጣ ብቻ አሸናፊው ተለወጠ።

እኔ ቀዩን አንደኛ ካሉት አራቱ አንዱ ስለ ነበርኩ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ፍትሕ በአጋጣሚ ተመለሰች የሚል ነበር። ከሰባት ዳኞች አራቱ አንደኛ ያሉት ሥራ መጀመሪያውኑስ እንዴት ሊሸነፍ ቻለ? ይህንን ስናገር ከሦስቱ አንዷ፣ በዕድሜም በልምድም ከሁላችንም የሚበልጡት፣ እስከ ዛሬ የማስታውሰውን መልስ ሰጡኝ። «እኛ ነጩን በመካከል ያስገባነው ቀዩ ከሰማያዊው ምን ያህል እንደሚርቅ የምናሳይበት ሌላ መንገድ ስላልተሰጠን ነው። አሁን ነጩ ሲወጣ ርቀቱም አብሮ ወጣ» አሉ። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው እርሳቸው ያሉትን ለመረዳት የሄድኩበት መንገድ ነው።

የትምህርት ቤት የውጤት ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጻፋል፤ ማርክ እና ደረጃ። ማርክ ተማሪው ከትምህርቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ይናገራል፤ ደረጃ ደግሞ ከጎኑ ከተቀመጡት ተማሪዎች ጋር ያለውን። አንድ ተማሪ በ60 ማርክ አንደኛ ሊወጣ፣ በ95 ማርክ ደግሞ አምስተኛ ሊወጣ ይችላል። የድምፅ መስጫ ወረቀቶችም እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ፤ መራጩን «እነዚህን በቅደም ተከተል አስቀምጥ» የሚሉ አሉ፣ «ለእያንዳንዳቸው ማርክ ስጥ» የሚሉም አሉ። የእኛ ኮሚቴ የጠየቀን ደረጃ ነበር፤ ከዚያ ግን ደረጃውን ወደ ነጥብ ለውጦ እንደ ማርክ ደመረው። የተፈጠረው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በአንደኛና በሦስተኛ መካከል የሁለት ነጥብ ርቀት አለ ብሎ ሲወስን ርቀቱን የለካው በመካከል በተገኘው ተወዳዳሪ ነው፤ ነጩ ማኅደር መለኪያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ መለኪያው ሲነሣ ልኩ ጠፋ።

ይህ የነጥብ አደማመር የቆየ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንንና የሒሳብ ሊቅ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ እ.ኤ.አ. በ1770 ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ሐሳብ ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ አካዳሚውም በኋላ አባላቱን ለመምረጥ ተጠቅሞበታል። ከእርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ኒኮላስ ዘኩሳ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሰው በ1433 ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎ ነበር። ዛሬ ናውሩ የተባለችው የፓስፊክ ደሴት ምክር ቤቷን የምትመርጠው በዚህ ዘዴ በተለወጠ መልኩ ነው፤ አንደኛ የተባለ ሙሉ አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛ ግማሽ፣ ሦስተኛ ሲሶ ያገኛል።

በእኛ ኮሚቴ የሆነው ነገር በሰፊ መድረክም ሆኗል። በ1995 የዓለም የበረዶ ላይ ሸርተቴ ሻምፒዮና በሴቶች ውድድር ማብቂያ አካባቢ አሜሪካዊቷ ኒኮል ቦቤክ ሁለተኛ፣ ፈረንሳዊቷ ሱርያ ቦናሊ ሦስተኛ ነበሩ። ሁለቱም ተወዳድረው ጨርሰዋል። ከዚያ ገና ልጅ የነበረችው ሚሼል ኳን ገባች፣ ተወዳድራ አራተኛ ሆነች፤ በዚያው ቅጽበት ቦናሊ ሁለተኛ፣ ቦቤክ ሦስተኛ ሆኑ። ዳኞቹ ስለ ሁለቱ የሰጡት ፍርድ ፈጽሞ አልተለወጠም። ያኔ የሸርተቴ ዳኞች ማርክ ቢሰጡም ማርኩ ወደ ደረጃ ተለውጦ ይቆጠር ስለ ነበር፣ የሦስተኛ ሰው መምጣት የሁለቱን ሰዎች ቅደም ተከተል ገለበጠው። በ2002 የክረምት ኦሊምፒክ ከተነሣው የዳኝነት ቅሌት በኋላ ስፖርቱ ያንን አሠራር ትቶ ዳኞች የሚሰጡት ነጥብ በቀጥታ ወደሚደመርበት ሥርዓት ተሻገረ።

እንግዲህ ደረጃን ወደ ነጥብ ሳይለውጡ እንደ ደረጃነቱ ብቻ መቁጠር ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ መልሱን የሰጠውም የቦርዳ ዘመን ሰው የነበረው ማርኪ ደ ኮንዶርሴ ነው። በ1785 ባሳተመው ድርሳን እያንዳንዱን ተወዳዳሪ ከእያንዳንዱ ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገን እናወዳድር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ የሚያሸንፍ ካለ እርሱ ይመረጥ አለ። ካታላናዊው ፈላስፋ ራሞን ሉል በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የገዳም አለቃ ስለሚመረጥበት ሁኔታ ሲጽፍ ይህንኑ የጥንድ ውድድር አስቦ ነበር። በዚህ ዘዴ የእኛ ቀይ ማኅደር ነጩ ኖረም አልኖረም ሰማያዊውን 4 ለ 3 ያሸንፋል። ጥንዱ ሲወዳደር ሌላው በመካከል አይገባም።

ችግሩ ኮንዶርሴ ራሱ እንዳየው ሁልጊዜ ሁሉንም የሚያሸንፍ አለመገኘቱ ነው። ሦስት ሰዎች ሦስት ሥራዎችን ሲያስቀምጡ አንዱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቢል፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ ቢል፣ ሦስተኛው ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ቢል፣ ቀዩ ሰማያዊውን 2 ለ 1፣ ሰማያዊው ነጩን 2 ለ 1፣ ነጩም ቀዩን 2 ለ 1 ያሸንፋል። እያንዳንዱ ሰው ግልጽ የሆነ ቅደም ተከተል አለው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቅደም ተከተሉ ክብ ሆኖ ይዞራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ክቡን የሚበጥስ ተጨማሪ ደንብ ያስፈልጋል፤ ማርኩስ ሹልትሰ በ1997 ያቀረበው ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ዴቢያን የተባለው የኮምፒውተር ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ለዓመታት ሲጠቀምበት ቆይቷል። ኬኔት አሮው በ1951 ያረጋገጠው ታዋቂ እውነት ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ዘዴ ጉድለት አለመሆኑን ያሳያል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ተወዳዳሪ ባለበት፣ ከደረጃ ብቻ በመነሣት ጥቂት ምክንያታዊ ቅድመ ሁኔታዎችን ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ፣ አንድን ሰው ፈላጭ ቆራጭ የማያደርግ ዘዴ አይገኝም። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ የሁለት ተወዳዳሪዎች ቅደም ተከተል በሦስተኛው መኖር አለመኖር አይወሰን የሚለው ነው፤ ነጩ ማኅደር የጣሰው ይህንኑ ነው።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የደረጃ አቆጣጠር ግን የቦርዳም የኮንዶርሴም አይደለም። አውስትራሊያ ከ1918 ጀምሮ የተወካዮች ምክር ቤቷን የምትመርጠው፣ አየርላንድ ፕሬዚዳንቷን የምትመርጠው፣ በአሜሪካም ሜንና አላስካ የተቀበሉት ሌላ ነው። መራጩ ዕጩዎችን በደረጃ ያስቀምጣል፤ በመጀመሪያ የሚቆጠረው አንደኛ የተባለው ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መጨረሻ የወጣው ዕጩ ይሰረዝና የእርሱ ድምፆች በየወረቀቱ ላይ ወደሚቀጥለው ስም ይተላለፋሉ። ይህ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ይደጋገማል። ዘዴው ለመረዳት ቀላል ነው፤ ትንሽ ዕጩን መምረጥ ድምፅን ማባከን እንዳይሆን ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ እኔም ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምን ነበር።

እምነቴን ያናጋው አንድ ቀላል ስሌት ነው። 100 መራጮችና ሦስት ዕጩዎች አሉ እንበል፤ የቀኝ፣ የግራና የመሐል። 40ዎቹ ቀኝ፣ መሐል፣ ግራ ብለው ያስቀምጣሉ። 35ቱ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ ይላሉ። 25ቱ ደግሞ መሐል፣ ግራ፣ ቀኝ። አንደኛ የተባለው ብቻ ቢቆጠር ቀኙ በ40 ያሸንፋል። በማሰረዝ ሲቆጠር መሐሉ በ25 መጨረሻ ስለሆነ ይወጣል፣ ድምፆቹ ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ ግራው 60 ለ 40 ያሸንፋል። ጥንድ ጥንድ ሲወዳደሩ ግን መሐሉ ቀኙን 60 ለ 40፣ ግራውን ደግሞ 65 ለ 35 ያሸንፋል። ወረቀቶቹ ያው ናቸው፤ አሸናፊዎቹ ሦስት ናቸው። እንደ እኔ ዓይን ከሁሉ የሚከብደው የመሐሉ ዕጩ በማሰረዝ ዘዴ ከሁሉ ቀድሞ መውጣቱ ነው፤ የ40ዎቹ ቀኝ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ አንድም ጊዜ ሳይነበብ ቆጠራው ያልቃል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን አይደለም። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት በምትገኘው በርሊንግተን ከተማ በ2009 በተደረገው የከንቲባ ምርጫ በመጀመሪያው ቆጠራ ኩርት ራይት 2,951፣ ቦብ ኪስ 2,585፣ አንዲ ሞንትሮል 2,063 ድምፅ አገኙ። በመጨረሻው ዙር ኪስ ራይትን 4,313 ለ 4,061 አሸነፈ። ወረቀቶቹ ሁሉ ተተንትነው ሲታዩ ግን ቀድሞ የወጣው ሞንትሮል ከሁለቱም ጋር ለየብቻ ቢወዳደር ሁለቱንም ያሸንፍ ነበር። ከተማዋ በዓመቱ ዘዴውን በሕዝበ ውሳኔ ተወችው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ተመለሰችበት። በነሐሴ 2022 አላስካ ለአሜሪካ ኮንግረስ ባደረገችው የማሟያ ምርጫ ደግሞ ሜሪ ፔልቶላ 75,799፣ ሳራ ፔሊን 58,973፣ ኒክ ቤጊች 53,810 የመጀመሪያ ድምፅ አገኙ። ቤጊች ተሰረዘ፣ ፔልቶላም ፔሊንን 91,266 ለ 86,026 አሸነፈች። እዚህም ጥንድ ጥንድ ቢቆጠር ሁለቱንም የሚያሸንፈው የተሰረዘው ቤጊች ነበር። እንዲያውም ፔሊንን አንደኛ፣ ቤጊችን ሁለተኛ ካሉት መራጮች ጥቂት ሺዎች ከቤታቸው ባይወጡ ኖሮ ፔሊን ትሰረዝና ሁለተኛ ምርጫቸው ያሸንፍ ነበር። ድምፅ ሰጥቶ መውጣት የሚጎዳበት ዘዴ እንዳለ ከዚያ በፊት በንድፈ ሐሳብ ባውቅም፣ በእውነተኛ ምርጫ ላይ ሳየው እጅግ አሳዘነኝ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የኮሚቴ ባልደረባዬ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። የመሐሉ ዕጩ «ሁሉም የሚቀበለው» ነው ወይስ «ማንም የማይፈልገው»? በምሳሌያችን 75 መራጮች ሁለተኛ አድርገውታል፤ ሁለተኛ ማለት ግን ምን ማለት ነው? ማርክ ከ0 እስከ 5 ይሰጡ ብንላቸው፣ ሁሉም ለአንደኛው 5፣ ለመጨረሻው 0 ሰጡ እንበል። የቀኝና የግራ መራጮች ለመሐሉ 4፣ የመሐል መራጮች ደግሞ ለግራው 2 ቢሰጡ፣ መሐሉ 425፣ ግራው 225፣ ቀኙ 200 ያገኛል። የቀኝና የግራ መራጮች ለመሐሉ 1 ብቻ ሰጥተው የመሐል መራጮች ለግራው 4 ቢሰጡ ግን፣ ግራው 275 ይሆንና መሐሉና ቀኙ 200፣ 200 ላይ ይቀራሉ። በሁለቱም ሁኔታ በደረጃ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አንድ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ የማሰረዝ ዘዴ አገሩ የተስማማበትን ሰው ጣለ፤ በሁለተኛው ትክክለኛውን ሰው መረጠ። ከደረጃ ወረቀት ተነሥቶ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚችል ማንም የለም። ስለዚህ በርሊንግተንና አላስካ ላይ የሚሰነዘረውን ትችት ብጋራም፣ የተሰረዘው ዕጩ የግድ የሚገባው ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

የማርክ ወረቀት በብዙ መልክ ይገኛል። ከሁሉ ቀላሉ ሁለት ማርክ ብቻ ያለው ነው፤ መራጩ የሚቀበላቸውን ዕጩዎች ሁሉ ምልክት ያደርግባቸዋል፣ ብዙ ምልክት ያገኘ ያሸንፋል። ስቲቨን ብራምስና ፒተር ፊሽበርን በ1978 ያቀረቡት ትንታኔ ይህን ዘዴ በሰፊው አሳወቀው፤ ፋርጎ የተባለችው የአሜሪካ ከተማ በ2020፣ ሴንት ሉዊስ ደግሞ በ2021 ለከተማ ምርጫ ሠርተውበታል። ሦስት ማርክ ያለው ወረቀት የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ለመምረጥ በሚያደርገው የሙከራ ድምፅ አሰጣጥ ይታያል፤ አባላቱ ለእያንዳንዱ ዕጩ «አበረታታለሁ»፣ «አላበረታታም» ወይም «አስተያየት የለኝም» ይላሉ። በጥቅምት 2016 በስድስተኛው ዙር አንቶኒዮ ጉተሬዝ 13 «አበረታታለሁ»፣ 2 «አስተያየት የለኝም» ሲያገኙና የተቃወማቸው ሳይኖር ሲቀር ጉዳዩ አለቀ። ዕጩዎቹን በደረጃ አስቀምጡ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ «ተቃዋሚ የለም» የሚለው፣ በዚያ ምክር ቤት ከምንም በላይ የሚፈለገው መረጃ፣ ከወረቀቱ ላይ አይገኝም ነበር።

ወደ ኮሚቴያችን ልመለስ። ከዚያ ክርክር በኋላ ሰባታችንም ለሁለቱ ማኅደሮች በቃል ማርክ እንድንሰጥ ተስማማን፤ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «አጥጋቢ»፣ «ደካማ»። ለቀዩ አራታችን «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ ሦስቱ «ደካማ» አሉ። ለሰማያዊው አራታችን «በጣም ጥሩ»፣ ሦስቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» አሉ። ቃሎቹን ከ5 እስከ 1 ብንቆጥራቸው ቀዩ 23፣ ሰማያዊው 31 ይሆናል፤ በድምር ሰማያዊው በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል። ማርኮቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረን መሐል ላይ የዋለውን፣ ማለትም አራተኛውን ብንወስድ ግን ለቀዩ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ ለሰማያዊው «በጣም ጥሩ» ይሆናል፤ ቀዩ ያሸንፋል። ማርክ መስጠቱ ጥያቄውን ይፈታዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ጥያቄ ፈትቶ ሌላ ከፈተ።

መሐል የዋለውን ማርክ የመውሰድ ዘዴ የሚሼል ባሊንስኪና የሪዳ ላራኪ ሐሳብ ነው፤ በ2007 በፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቀን ኦርሴ በተባለች ከተማ በሦስት የምርጫ ጣቢያዎች ሞክረውታል። የሚያቀርቡት ምክንያት ጠንካራ ነው። በድምር ዘዴ አንድ ዳኛ ተቀናቃኙን ለመጣል 1 ቢሰጥ ድምሩን ይጎትተዋል፤ መሐል የዋለው ማርክ ግን ከአንድ ሰው ጽንፍ በቀላሉ አይነቃነቅም። ቃሎቹም ዳኛው ስለ ነጥብ ስልት ሳይሆን ስለ ሥራው እንዲያስብ ይጋብዛሉ። ጉድለቱም ግን ቀላል አይደለም። 101 መራጮች አሉ እንበል። 50ዎቹ ለአንዱ ዕጩ 5፣ ለሌላው 4 ይሰጣሉ፤ 50ዎቹ ለአንዱ 2፣ ለሌላው 1፤ አንዱ መራጭ ብቻ ለአንዱ 3፣ ለሌላው 4 ይሰጣል። መሐል የሚውለው ማርክ ለመጀመሪያው ዕጩ 3፣ ለሁለተኛው 4 ነው፤ ስለዚህ ከ101 ሰዎች 100ዎቹ የበለጠ የወደዱት ዕጩ ይሸነፋል። ይህንን ምሳሌ ለራሴ ስሠራው ሦስት ጊዜ መልሼ ቆጥሬዋለሁ።

ዘዴው በትልቅ መድረክ የታየው በጥር 2022 በፈረንሳይ የግራውን ጎራ በአንድ ዕጩ ዙሪያ ለማሰባሰብ በተደረገው የሕዝብ ቅድመ ምርጫ ነው። ከ390 ሺህ በላይ ሰዎች ለሰባት ዕጩዎች በአምስት ቃሎች ማርክ ሰጡ፤ ክርስቲያን ቶቢራ አንደኛ ሆነች። ነገር ግን ስማቸው በወረቀቱ ላይ የሰፈረ ታላላቅ ዕጩዎች ውጤቱን እንደማይቀበሉ አስቀድመው ተናግረው ስለ ነበር ጎራው አልተሰበሰበም፤ ቶቢራም ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የሚያስፈልጉትን 500 የተመራጮች ፊርማ ባለማግኘቷ በመጋቢት ወጣች። ይህ የአቆጣጠሩ ጥፋት አይደለም። ውጤቱን ለመቀበል ባልተስማሙ ሰዎች መካከል የትኛውም አቆጣጠር ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

ለእኔ ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ የቅንነት ጥያቄ ነው። ቦርዳ ዘዴው በተንኮል ሊጠመዘዝ ይችላል ሲባል «የእኔ ዘዴ ለቅን ሰዎች የታሰበ ነው» ብሎ መለሰ ይባላል። በ100ዎቹ መራጮች ምሳሌያችን ሁለተኛ ሁኔታ፣ ማርክ በሚደመርበት፣ የቀኝ መራጮች ግራው እንደሚያሸንፍ ቢያውቁ ለመሐሉ የሰጡትን 1 ወደ 5 ከፍ በማድረግ ድምሩን ከ200 ወደ 360 ያወጡታል፤ ግራው በ275 ይሸነፋል። በማሰረዝ ዘዴም ከ40ዎቹ ቀኝ መራጮች 11ዱ መሐሉን አንደኛ ቢያደርጉ ቀኙ በ29 መጨረሻ ሆኖ ይወጣና መሐሉ 65 ለ 35 ያሸንፋል። አለን ጊባርድ በ1973 ያረጋገጠው ከዚህ ማምለጫ እንደሌለ ነው፤ ዕጣ እስካልገባበት፣ አንድ ሰው ብቻውን እስካልወሰነና ቢያንስ ሦስት ውጤት እስከሚቻል ድረስ፣ የሌሎችን ድምፅ ሳይገምቱ ሁልጊዜ የሚበጀውን ድምፅ መስጠት የሚያስችል ዘዴ የለም፤ ወረቀቱ ደረጃም ይሁን ማርክ።

በኮሚቴያችንም ይህ አልቀረም። ከሦስቱ አንዱ፣ በጣም የማከብራቸው ሰው፣ ከወራት በኋላ ለብቻችን ስንጫወት ለቀዩ «ደካማ» ያሉት ደካማ ሆኖ ስላገኙት እንዳልነበረ ነገሩኝ። «ብቻውን ቢቀርብልኝ ጥሩ እለው ነበር፤ ሰማያዊው እንዳይሸነፍብኝ ብዬ ነው» አሉ። ይህን ሲናገሩ በሐዘን ነበር፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም፤ እርሳቸው የሠሩት ዘዴው እንዲሠሩ የጋበዛቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ማርክ የስሜትን ጥልቀት ይለካል የሚለውን አባባል ስሰማ ትዝ የሚሉኝ እርሳቸው ናቸው። ማርክ ርቀትን ይነግረናል፤ ሰውዬው ለመንገር ከፈለገ።

ለሕዝብ ምርጫ የደረጃ ወረቀትን ጥንድ ጥንድ መቁጠርን ዛሬ የምመርጠው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። በማርክ ድምር ጠንቃቃው ሰው፣ ማርኩን ከ2 እስከ 4 ባለው ክልል የሚሰጠው፣ ከ0 ወደ 5 ከሚዘልለው ሰው ያነሰ ኃይል ይኖረዋል። የመጀመሪያው ሰው በሁለት ዕጩዎች መካከል የሚያደርገው ልዩነት ሁለት ነጥብ ሲሆን የሁለተኛው አምስት ነው። ስለ ነገሩ የማሰብ ጭምትነት ድምፅን የሚቀንስበት ምርጫ ለእኔ እኩል ምርጫ አይደለም። በጥንድ ውድድር ግን «ይህ ከዚያ ይሻለኛል» ያለ ሰው ሁሉ፣ ጮኾ ቢናገርም ዝግ ብሎ ቢናገርም፣ አንድ ሆኖ ይቆጠራል። የርቀት መረጃ ይጠፋል፤ ባልደረባዬ ትክክል ነበሩ፤ ነገር ግን ሥልጣን በሚያዝበት ምርጫ ሰዎች ስለ ርቀት እውነቱን የሚነግሩበት ምክንያት ትንሽ ስለሆነ የሚጠፋው መረጃ ከመጀመሪያውም አስተማማኝ አልነበረም። ክብ ሆኖ የሚዞር ውጤት ሲመጣ ክቡን የሚበጥሰው ደንብ አስቀድሞ በሕግ ከተጻፈ እታገሠዋለሁ።

ሥራን ለመዳኘት ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። ዳኛ የራሱ ጥቅም የለበትም፣ ወይም ሊኖርበት አይገባም፤ «ከቀረቡት ሁሉ አንዱም አይበቃም» የማለት መብትም ሊኖረው ይገባል፤ ይህን መብት ደግሞ የደረጃ ወረቀት አይሰጠውም፤ አምስት ደካማ ሥራዎች መካከልም አንደኛ መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ በኮሚቴያችን አሁን ሥራዎቹ ከመድረሳቸው በፊት አምስቱ ቃሎች ምን ማለት እንደሆኑ በጽሑፍ እንስማማለን፣ መሐል የዋለውን ማርክ እንወስዳለን፣ ውጤቱን ስናሳውቅም አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሥራ ስንት «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ ስንት «ደካማ» እንዳገኘ እንገልጻለን። የቀዩ ማኅደር ዓይነት ሥራ፣ አራት ሰው የወደደው ሦስት ሰው የጣለው፣ ቢያሸንፍ እንኳ አንባቢው መከፋፈላችንን ያያል።

ያልፈታነው አንድ ነገር ባዶ ቦታ ነው። ባለፈው ዙር ሁለት ዳኞች የአንዱን ሥራ ጸሐፊ በአጻጻፉ ስላወቁት ማርክ ሳይሰጡ ተዉት። ባዶውን እንደ «ደካማ» እንቁጠረው ያለ አለ፤ ይህ ዳኞች ስላወቁት ብቻ ጸሐፊውን መቅጣት ነው። ባዶውን እንተወውና በአምስቱ ማርክ ብቻ እንወስን ያለም አለ፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አንድን ሥራ መጣል ያልፈለገ ዳኛ ባዶ በመተው መሐል የሚውለውን ማርክ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። በትልልቅ ምርጫዎችም ይኸው ጥያቄ አለ። አውስትራሊያ ለተወካዮች ምክር ቤት መራጩ ሁሉንም ዕጩዎች በደረጃ እንዲሞላ ታስገድዳለች፤ በአላስካ ደግሞ ቤጊችን ብቻ ጽፈው ሌላውን ባዶ የተዉት ጨምሮ ወደ ማንም ሳይተላለፉ የቀሩት የቤጊች ድምፆች ከ11 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ፔልቶላ ፔሊንን የበለጠችው በ5,240 ነው። ባዶ የተተወ ቦታ «አላውቀውም»፣ «አልፈልገውም» ወይም «ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ለአምስቱ ቃሎች «ራሴን አግልያለሁ» የሚል ስድስተኛ እንዲጨመር፣ ምክንያቱም አብሮ እንዲጻፍ፣ ከእርሱ ውጭ ያለ ባዶ ግን ወረቀቱን ለዳኛው እንዲያስመልስ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ነው።